ልነሣ እችል ነበር

የጦርነት ልቦለድ ሳነብ ተኩሱን እዘላለሁ። ምሽግ ሲሰበር፣ ታንክ ሲቃጠል፣ ጀግና ሲፎክር ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አደርጋለሁ። የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቷል፣ ጫማውን አውልቋል፣ ምሳ ቀርቦለታል፣ መቁረስ ግን አቅቶታል። ለእኔ መጽሐፉ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ይህን ጠባይ ያስለመደኝ አንድ ጀርመናዊ ነው። ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ፓውል ቦይመር የሚባል ወጣት ወታደር ለእረፍት ከግንባር ወደ ትውልድ ከተማው ይመጣል። የክፍል ጓደኛው ኬመሪክ ሞቷል። አሟሟቱ ክፉ ነበር። እግሩን ቆርጠውት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለቀሰ፣ ቀስ በቀስ ነው ያለቀው። ፓውል አጠገቡ ተቀምጦ አይቶታል። አሁን የጓደኛው እናት ፊት መቆም አለበት።

እናትየው ይዘው ይነቀንቁታል። እሱ ሞቶ አንተ ለምን በሕይወት አለህ ይሉታል። ከዚያ እንዴት እንደሞተ ይጠይቁታል። ወዲያው ነው፣ ምንም አልተሰቃየም ይላል። አያምኑትም። ማልልኝ ይሉታል። ይምላል። ውሸት ከሆነ እኔም አልመለስ ብሎ ይምላል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ነበር። ሬማርክ ነገሩን እንደ ዋዛ ነው የሚያልፈው። ፓውል ራሱ ለመሐላው ግድ የለውም፤ ግንባር ቅዱስ የሚባል ነገር አላስቀረለትም። መሐላ የሚፈራ አገር ላደገ አንባቢ ግን ይሄ ቀልድ አይደለም። ፓውል በ1918 ጥቅምት ውስጥ ይሞታል፣ ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው። ደራሲው ሁለቱን ነገሮች አንድም ቦታ ላይ አያገናኛቸውም። እኔ አገናኝቻቸዋለሁ። እስካሁንም መለየት አልቻልኩም።

ደግሞ ጥያቄውን የጠየቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ጠላት አይደለም፣ አዛዥም አይደለም። እናት ናት። አንድ ጊዜ እናት ከጠየቀች በኋላ፣ የተረፈው ሰው ቀሪ ዕድሜውን ራሱን በራሱ ይጠይቃል።

ቲም ኦብራየን ቬትናም የዘመተ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 «የተሸከሟቸው ነገሮች» የሚል መጽሐፍ አወጣ። እዚያ ውስጥ ካዮዋ የሚባል ወታደር ይሞታል። አሟሟቱን ልንገራችሁ፤ ሌላው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጓዶቹ ወንዝ ዳር ሰፍረዋል። ዝናቡ አላባራም። ያደሩበት ሜዳ ለካ የመንደሩ መጸዳጃ ነው፤ ያን ያወቁት ከሰፈሩ በኋላ ነው። ሌሊት ሞርታር ይዘንብባቸዋል። መሬቱ ይፈላል። ካዮዋ በዚያ ጭቃና እዳሪ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጠዋት ጓደኞቹ ተሰልፈው፣ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ በጠመንጃ ሰደፍ እየጎረጎሩ ሬሳውን ይፈልጋሉ።

አሁን ጥፋቱ የማን ነው?

መቶ አለቃ ጂሚ ክሮስ የእኔ ነው ይላል። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው። ጭቃው ውስጥ ቆሞ ለካዮዋ አባት የሚጽፈውን ደብዳቤ በልቡ ያረቅቃል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ያረቅቃል። አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ ልጅ ደግሞ የእኔ ነው ይላል። ሌሊት ለካዮዋ የፍቅረኛውን ፎቶ ለማሳየት ባትሪ አብርቶ ነበር። ሞርታሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ አሁን ጭቃውን እየዛቀ የሚፈልገው ካዮዋን አይደለም። ፎቶውን ነው። ኖርማን ቦውከር ደግሞ የእኔ ነው ይላል። የካዮዋን ጫማ ይዞ ነበር፤ ሽታው ሲበዛበት ለቀቀው። ቦውከር አገሩ ገብቶ፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ቀን፣ የአባቱን መኪና ይዞ አንድ ሐይቅ ሲዞር ይውላል። ዐሥራ ሁለት ጊዜ። የሚያወራለት ሰው አጥቶ። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ራሱን እንደሰቀለ ይነገረናል። ከዚያ ተራኪው ብቅ ይልና፣ ቦውከር ጀግንነቱ አልከዳውም፣ ያ ክፍል የእኔ ነው ይላል።

አንድ ሞት፣ አራት ባለቤት።

የመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ትክክለኛውን ጥፋተኛ ልፈልግ ሞከርኩ። ሞኝነት ነው። ካዮዋን የገደለው ዝናብና ሞርታር ነው። ክሮስም ይህን አያጣውም፤ ጦርነቱንም፣ ወንዙንም፣ ጭቃውንም መውቀስ እንደሚቻል ያስባል። ግን ማናቸውም እዚያ ላይ አይቆሙም። ሁሉም ጥፋቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። እንደ ውርስ ይሻሙበታል ብል አላጋነንኩም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ጥፋተኛ መሆን ያማል፤ ዕድል ግን የባሰ ያስፈራል። እኔ ባትሪ ባላበራ ኖሮ እሱ አይሞትም ነበር ካልኩ፣ ዓለም ሕግ አላት ማለት ነው። ያን ካደረግህ ይህ ይመጣል፣ ካላደረግህ አይመጣም። ማንም ምንም ባያደርግም ይሞት ነበር ካልኩ ግን ነገ እኔም፣ ልጄም፣ ማንም እንዲሁ በከንቱ ልንሄድ እንችላለን። ይሄን ተሸክሞ መኖር ከባድ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሁለቱን ይመዝንና ጸጸቱን ይመርጣል። ደግሞ ጸጸቱ እስካለ ድረስ ሟቹም አለ። ጥፋትህ አይደለም እርሳው ስትለው፣ ጓደኛህን እርሳው ያልከው ያህል ይሰማዋል። ቢቆጣ አይግረማችሁ።

ሐኪሞቹ ነገሩን ሲያነሡትም ሲጥሉትም ኖረዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም በይፋ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ቬትናም ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ። ያኔ ሌላው ሞቶ እኔ ተረፍኩ የሚል ጸጸት ከምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ተጽፎ ነበር። በ1987 ሲከለስ ከዋናው ዝርዝር ወጣ። በ2013 ራስን ያለ አግባብ መውቀስ በሌላ መልክ ተመለሰ። ልቦለዶቹ ግን አላወላወሉም። ሬማርክ ያቺን እናት ሲጽፋት መዝገቡ ገና ሃምሳ ዓመት ይቀረው ነበር።

ቨርጂኒያ ዉልፍም እንዲሁ ቀድማለች። «ሚስስ ዳሎዌይ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ብዙ ሰው የድግስ መጽሐፍ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የሴፕቲመስ ነው። ሴፕቲመስ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ተዋግቷል። የሚወደው አለቃው ኢቫንስ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ጣሊያን ውስጥ ተገደለ። ሴፕቲመስ ምንም አልተሰማውም። እንዲያውም ወንድ ወጣኝ ብሎ በራሱ ኮራ። ከዓመታት በኋላ ለንደን ፓርክ ውስጥ ተቀምጦ ኢቫንስን ከዛፉ ጀርባ ሲመጣ ያየዋል።

የእሱ ጸጸት ከእነ ቦውከር ይለያል። ጫማ አልለቀቀም፣ ባትሪ አላበራም። ራሱን የሚከሰው ማዘን ባለመቻሉ ነው። ይሄኛው ዓይነት የባሰ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚክሰው ነገር የለም።

ዶክተር ሆልምስ የሚባል ሐኪም ያዩታል። ምንም የለብህም ይሉታል። ወጣ ወጣ በል፣ ቲያትር እይ፣ ስፖርት ሥራ። ሚስቱ ሉክሬዚያ ባርኔጣ የምትሰፋ ጣሊያናዊት ናት። ከሁሉ የማልረሳው የመጨረሻዋን ሰዓት ነው። ሚስትየው ለአንዲት ሴት ባርኔጣ ስትሠራ ሴፕቲመስ ድንገት ይነቃቃል። ሪባኑን ይመርጣል፣ ቀለሙን ያዛምዳል፣ ይቀልዳል። ሁለቱም ይስቃሉ። ሚስቱ ባሌን አገኘሁት ትላለች። ያን ጊዜ የሆልምስ እርምጃ ደረጃው ላይ ይሰማል። ሴፕቲመስ በመስኮት ይዘላል። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚለው ቃል፦ ፈሪ!

ሆልምስን ስጠላው ቆይቼ፣ በኋላ የማውቃቸው ሰዎች ፊት ሆነብኝ። ክፉዎች አይደሉም። እንዲያውም ደጎች ናቸው። አግባ፣ ልጅ ውለድ፣ ይረሳሃል ይላሉ። ተጫወት እንጂ፣ ምነው ዝም አልክ ይላሉ። አጎቴን እንዲህ ብለውታል። ጠበልም ወስደውታል፤ ጠበሉ ቢያንስ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ፈቀደለት።

አጎቴ የታፈሰው በ1981 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ውትድርና። ከገበያ ሲመለሱ እሱንና አንድ የሰፈራችንን ልጅ አብረው ጫኗቸው። አብረው ሠለጠኑ፣ አብረው ሰሜን ሄዱ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን አጎቴ በእግሩ ተጉዞ ገባ። እግሩ ተልጧል፣ ጸጉሩ ቅማል በልቶታል። ጓደኛው የለም።

ያኔ መርዶ የሚያረዳ መሥሪያ ቤት ማን ነበረው? አዛዡ የለም፣ መዝገቡ የለም። ሰው የሚጠብቀው በእግሩ የሚመጣውን ልጅ ነበር። እሱ ያየ እንደሆነ፣ እሱ የሰማ እንደሆነ። የጓደኛው እናት ከእኛ ቤት ብዙ አይርቁም። አጎቴ በእሳቸው በር ማለፍ ተወ። ወፍጮ ቤቱን ዞሮ፣ በጓሮ በኩል ነበር የሚገባው። ሰው ዘመቻው አስፈርቶት ነው እያለ ያወራ ነበር።

መጨረሻ ላይ እማማ ራሳቸው መጡ። አጎቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መሸሻ አልነበረውም።

«ልጄ፣ አላየኸውም?»

«ሱዳን ተሻግሯል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

የማይታመን ወሬ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ድንበሩን ያቋረጠ ወታደር ብዙ ነው። እማማ ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን ከሱዳን ጠበቁ። እስኪሞቱ ድረስ ጠበቁ። አጎቴ በየፋሲካው ዶሮ ይዞላቸው ይሄድ ነበር። ጣሪያቸው ሲያፈስ የጠገነው እሱ ነው። እሳቸውም እንደ ልጄ ሆነልኝ እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ያወሩ ነበር። ይሄን ሲሰማ ነበር የሚብስበት። ያን ቀን ማታ እራት አይበላም።

እኔ ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው። አጎቴ ለእሷ ብቻ ነው የነገራት፣ ያውም እማማ ካረፉ በኋላ። የዚያ ሌሊት ጥበቃ ተረኛው አጎቴ ነበር። ወባ ጥሎታል። ጓደኛው፣ ተኛ፣ እኔ እቆምልሃለሁ ብሎ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ሊነጋጋ ሲል ተመታ። እናቴ ይህን ስትሰማ እኛ ሁላችን የምንለውን አለች። ወባዋ ናት ያተረፈችህ፣ እግዜር ሲያወጣህ ነው፣ ቀንህ አልደረሰም። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

«ልነሣ እችል ነበር» አላት። «ብርድ ብርድ ነው እንጂ ያለኝ፣ እግሬ ደህና ነበር።»

ኦብራየንን ያነበብኩት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው። ያ ባትሪ ያበራ ልጅ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት።

እግዜር ሲያወጣህ ነው ማለት መጥፎ አይደለም። ዕድል የሚባለውን ነገር በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሐዘን ቤት ውስጥ ስንቱን ሰው አቁሟል። ለተረፈው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይከፍትበታል። እሱን ትቶ እኔን ለምን? እኔ ከእሱ ምን እሻላለሁ? የእማማ ልጅ ቀዳሽ ነበር፤ አጎቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለጥምቀት ብቻ ነው። በሰዎች ደግነት የተነሣ አጎቴ ሁለት ሙግት ገጠመው፣ አንዱ ከራሱ ጋር፣ አንዱ ከፈጣሪ ጋር።

እስካሁን ያነሣኋቸው ሰዎች ጥፋት የሌለባቸው ናቸው። ወይም ጥፋታቸው ጥፋት አይባልም። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ንጹሕ አይደለም። አንዳንዱ እውነትም አንድ ነገር አድርጓል። ፕሪሞ ሌቪ፣ ከናዚዎች የአውሽዊትዝ ማጎሪያ የተረፈው ጣሊያናዊ፣ ልቦለድ ሳይሆን የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ስለ አንድ የውኃ ቧንቧ ያወራል። እ.ኤ.አ. በ1944 ነሐሴ፣ ጥም ሲገድላቸው፣ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ ውኃ ያዘለ ቧንቧ አገኘ። ከአንድ ጓደኛው ጋር በድብቅ ጠጣው። ሌላው ጓደኛቸው ዳንኤሌ አየባቸው። ነጻ ከወጡ በኋላ ዳንኤሌ ጠየቀው፦ ለምን እናንተ ሁለታችሁ፣ እኔስ? ሌቪ ይህን ሲጽፍ ዐርባ ዓመት አልፎታል። ለራሱ መከላከያ አያቀርብም። ይቅር በሉኝም አይልም።

በልቦለድ በኩል ይህን ያህል የጨከነ ያገኘሁት ቬትናም ውስጥ ነው፣ በዚህ ጊዜ ከሰሜን ቬትናም ወገን። ባኦ ኒን በ1969 እ.ኤ.አ. ከአምስት መቶ ያህል ወጣቶች ጋር ዘመተ። የተረፉት ዐሥር ናቸው። «የጦርነት ሐዘን» የተባለው ልቦለዱ መጀመሪያ የተሰራጨው በ1987 ነው፣ በእጅ በሚባዛ ወረቀት። በ1990 በመጽሐፍ ሲወጣ የፍቅርን ነገር የሚያወሳ ለስለስ ያለ ርእስ ተሰጥቶት ነበር። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። የድል ታሪክ በሚጠበቅበት አገር ሐዘን የሚል ርእስ አይመችም።

ዋናው ሰው ኪየን ነው። ጦርነቱ አልቋል፣ አሸንፈዋል። ኪየን የጠፉ ወታደሮችን አጽም የሚሰበስብ ቡድን ውስጥ ይመደባል። በጭነት መኪና ጫካ ለጫካ ይዞራሉ። ማታ መኪናው ላይ ሐሞክ፣ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ፣ አስሮ ይተኛል። ከሥሩ የተጫነው አጽም ነው። የቆሙበት ጫካ ደግሞ የሚጮሁ ነፍሳት ጫካ ይባላል፤ የኪየን ሻለቃ ያለቀው እዚያው ነው። ከዚያም ዐሥር ሰው ነው የተረፈው። ቁጥሩ የደራሲው የራሱ ቁጥር ነው። አልቀየረውም።

አንድ ገጽ ላይ ሆዋ የምትባል ልጅ አለች። ቁስለኞች ይዘው ወደ ካምቦዲያ ድንበር ሲያፈገፍጉ መንገድ የምትመራቸው እሷ ናት። መንገዱ ይጠፋባታል። ኪየን ይጮህባታል፣ ይሰድባታል። ሁለቱ አብረው መንገድ ሲፈልጉ አሜሪካኖች ውሻ ይዘው ይመጣሉ። ከኋላ ቁስለኞቹ አሉ። ሆዋ ትወጣለች፣ ውሻውን ትገድላለች፣ ሩጫዋን ወደ ሌላ አቅጣጫ ታደርጋለች። ይይዟታል። የሚያደርጓትን ኪየን ሣር ውስጥ ሆኖ ያያል። እጁ ላይ የእጅ ቦምብ አለ።

አይወረውረውም።

ቢወረውር ቁስለኞቹ ሁሉ ያልቁ ነበር። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገው። ባኦ ኒን ግን ይህን አረፍተ ነገር አይጽፍልንም። ቦምቡን እጁ ላይ እንደያዘ ወደ ኋላ ሲሳብ አሳይቶን ወደ ሌላ ትዝታ ይሻገራል። ሆዋ ከብዙ ገጽ በኋላ ትመለሳለች። ካን የሚባለው ከጦሩ የኮበለለ ልጅም ይመለሳል፤ ኪየን ሲሄድ አላስቆመውም፣ በኋላ ሬሳው ጫካ ውስጥ ተገኘ። ሁሉም ተራ ሳይጠብቁ እየገቡ ይወጣሉ። መጽሐፉ ምዕራፍ የሌለው ለዚህ ይመስለኛል። ኪየን ሃኖይ ቤቱ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ይጽፋል። ወረቀቶቹ ይበታተናሉ። ትቶት ይሄዳል። ፎቅ ላይ የምትኖር ዲዳ ሴት ትሰበስባቸዋለች፤ ሌላ ሰው ከእሷ ተቀብሎ ሊያስተካክላቸው ይሞክራል፣ አይሆንለትም፣ እንዳሉ ይተዋቸዋል።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ ልቦለዶችን ማንበብ አቃተኝ። ታውቋቸዋላችሁ። የተመለሰ ወታደር አለ፣ ይጠጣል፣ ሌሊት ይጮሃል። አንዲት ደግ ሴት ትመጣለች። አንድ ዝናባማ ማታ ሁሉን ይነግራታል። ጥፋትህ አይደለም ትለዋለች። ያለቅሳል። ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ ቁርስ በደንብ ይበላል። ፊልሙ ደግሞ በሙዚቃ ያጅበዋል። እንዲህ ያለው ደራሲ የቸኮለው ለራሱ ነው እላለሁ። ያን ሰው ይዞ መቀመጥ ከብዶታል። ሆልምስ ነው፤ ልዩነቱ ስቴቶስኮፕ አለመያዙ ብቻ ነው።

የእኛዎቹስ? በጦርነት ላይ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ግን ገድል ነው፣ ወይ ትዝታ ነው፣ ወይ እኛ ነበርን ትክክል የሚል ሙግት ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለየት ይላል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ያሳያል። ተራኪው ጸጋዬ ጋዜጠኛ ነው፣ ፕሮፓጋንዳውን የሚመራ። ስለ ድል ሊያወራ የሄደ ሰው ናቅፋን አይቶ ይተርፋል። ያየውንና የተረፈበትን አንድ ላይ መያዝ ሲያቅተው ይሰማችኋል። ከልቦለዱ ውጭ የሆነው ግን የባሰ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ የካቲት 1976 በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ተራኪው ተረፈ፣ ደራሲው አልተረፈም። ከዚያ በኋላ መጻፍ የቀጠሉ ጓደኞቹ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ምን ይሰማቸው እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ውስጥ ደግሞ ያልጠበቅኩት ተራፊ አገኘሁ። ብዙ ሰው ስለ ሴት አርበኞቹ ነው የሚያወራው፣ ይገባቸዋል። እኔን የያዘኝ ጃንሆይ ናቸው። ጦሩ ተፈታ፣ እሳቸው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በባቡር ወጡ። በስደት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ውስጥ የቨርዲን አይዳ ይሰማሉ፣ የተማረከችውን ኢትዮጵያዊት ልዕልት ኦፔራ። ለፖለቲካ ሲሉ የዳሯት፣ በልጅነቷ የሞተችባቸው ልጃቸው ዘነበወርቅ ትመጣባቸዋለች። መሄዳቸው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን የታሪክ ክርክር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቡና ላይ ተጣልተንበታል። መዓዛ ክርክሩን አትገባበትም። ሄዶ የተረፈ አንድ አባት ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሙዚቃ ታሰማዋለች።

ስለ ቅርቡ ጦርነት ልቦለድ የታል የሚሉ ሰዎች አሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ተኩሱ በሌላ በሌላ ቦታ አላባራም። ሬማርክ ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ባኦ ኒን ዐሥራ ሁለት። ኦብራየን ለዚህ መጽሐፉ ሃያ። የጀርመኗ ድሬዝደን በቦምብ ስትቃጠል ሥጋ ማቆያ ምድር ቤት ውስጥ ተደብቆ የተረፈው ከርት ቮነጉት ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው ስለሱ ልቦለድ ያሳተመው። የሚያስቸኩል ነገር የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሁን የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ የእኛ ሟችና የእነሱ ሟች እያለ ስለሚቆጥር፣ ጸጸት ያለበት ሰው አፉን ቢከፍት ወገን እንደከዳ ይታይበታል። ጥፋት አለብኝ ለማለት እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኪየን ያሸነፈ ወገን ሆኖ ነው ያን ሁሉ የተናገረው፤ ለዚያም ቢሆን ርእሱ መለዘብ ነበረበት።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከኦብራየን ጀምሩ። ቀጥታ የካዮዋን ፍለጋ የሚተርከውን ምዕራፍ ክፈቱ፣ ቅደም ተከተሉ አያስጨንቃችሁ። ዉልፍ ትዕግሥት ትፈልጋለች፤ ድግሱ ካሰለቻችሁ ሴፕቲመስ ያለበትን ገጽ እየፈለጋችሁ አንብቡ፣ ማንም አይከሳችሁም። «ኦሮማይ»ን አንብቤዋለሁ የምትሉ እንደገና አንብቡት፣ አሁን ፍቅሩን ትታችሁ ተራኪውን ብቻ እየተከተላችሁ። ባኦ ኒንን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ማታ ከሆነ የምታነቡት፣ ምዕራፍ ስለሌለው የት ላይ እንደምታቆሙ ከወዲሁ አስቡበት።